ሐረር ሄዳችሁ ጅብ ብቻ አይታችሁ እንዳትመለሱ

ሐረር ደርሶ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ጅብ ነው። እኔም አይቻለሁ። ማታ ፈላና በር አካባቢ ሄድን፣ ሰውየው ሥጋውን በእንጨት ጫፍ ሲያጎርስ አየን፣ ታናሽ እህቴ ጮኸች፣ ቪዲዮ ተቀረጸ፣ አለቀ። አሪፍ ነው፣ አልዋሽም። ግን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ለግማሽ ሰዓት ጅብ ደግሞ ከአዲስ አበባ አምስት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር አይኬድም። እኔ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት በማግስቱ ጠዋት ስለገባንበት ስለ ሸሪፍ ሙዚየም ነው።

ሦስት ነበርን። እኔ፣ እህቴና አክስቴ። አክስቴ (እቴቴ ነው የምንላት) ሙዚየም ሲባል ከወዲሁ እግሯን ያማታል። ሆቴሉ በር ላይ ቆማ "የድሮ ዕቃ ለማየት ብር ከምከፍል የእናቴን ጓዳ ከፍቼ አላይም?" አለች። እውነቱን ለመናገር ግማሽ ልቤ ከእሷ ጋር ነበር። ከዚህ በፊት ስሙን የማልጠራው አንድ ሙዚየም ገብቼ ጉድ ሆኛለሁ። አቧራ የጠጣ መስታወት ውስጥ አንድ ማሰሮ ቁጭ ብሏል። ከፊቱ ወረቀት አለ። ወረቀቱ ላይ "ማሰሮ" ይላል። ኧረ ማሰሮ መሆኑንማ አየሁት! የማን ማሰሮ? ማን ሠራው? ምን ሲቀመጥበት ኖረ? አስጎብኚውን ብጠይቀው "የድሮ ነው" አለኝና ወደሚቀጥለው መስታወት ወሰደኝ። እዚያም ወረቀት ነበር። "ጋሻ" ይላል።

ስለዚህ ሸሪፍ ሙዚየም ስገባ የያዝኩት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ የማን ነበር?

መንገዱን ልንገራችሁ። ጀጎል ውስጥ በእግር ነው የሚኬደው፤ በግንቡ የታጠረው ከተማ 48 ሄክታር ነው፣ በእግር የማይደረስበት ቦታ የለም። ግንቡን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ወርዳችሁ በመኪና ግርግር በኩል ትገባላችሁ። መኪና ግርግር ሲባል መኪና እንዳትፈልጉ። የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው፣ መኪናው የስፌት መኪና ነው፣ ግርግሩ ድምፁ ነው። እህቴ እዚያው ቀሚስ ልታስጠብብ ቆመች። ሃያ ደቂቃ ሄደብን። የፈረንሳዊውን ገጣሚ የራምቦን ቤት ጠይቁ፣ ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ሸሪፍ ሙዚየም ከእሱ አጠገብ ነው ማለት ይቻላል።

ቤቱ ራሱ አንድ ዕቃ ነው። የራስ ተፈሪ ቤት ይሉታል። የሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፣ እንጨቱ ላይ ያለው ቅርጻ ቅርጽም ያስታውቃል፤ የሐረር ቤት እንዲህ አይቀረጽም። ተፈሪ መኮንን ከወይዘሮ መነን ጋር ሲጋቡ የጫጉላ ጊዜያቸውን እዚህ አሳለፉ ይባላል። ጋብቻቸው በ1903 ዓ.ም. ነው፣ ያኔ ተፈሪ የሐረር ገዥ ነበሩ። እንግዲህ አስቡት፤ ጨለንቆ ላይ በ1879 ዓ.ም. ከተሸነፉት ከአሚር አብዱላሂ በኋላ ከተማዋን የያዙት የራስ መኮንን ልጅ የተሞሸሩበት ቤት፣ ዛሬ የአሚሮቹን ሳንቲምና የሐረሪዎችን መጽሐፍ ይዞ ቁጭ ብሏል። ይህን ማንም አቅዶ አላደረገውም ብዬ አምናለሁ። ግን ደረጃውን ስወጣ ፈገግ አሰኘኝ።

ስብስቡ የመንግሥት አይደለም። አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የሚባሉ የከተማዋ ሰው ናቸው ከደርግ ውድቀት ወዲህ ከቤት ቤት እየዞሩ የሰበሰቡት። መጀመሪያ የገዛ ቤታቸውን ሙዚየም አደረጉ፣ በኋላ ክልሉ ይህንን ቤት ሰጣቸው። ይሄ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ለእኔ የሙዚየሙ ሙሉ ጠባይ የመጣው ከዚህ ነው። ዕቃው ከመሬት ተቆፍሮ ወይም ከቤተ መንግሥት ተወርሶ የመጣ አይደለም። ከሰው ሳጥን ነው የወጣው። ከመደርደሪያ፣ ከቆጥ፣ ከአያት ፍራሽ ሥር።

ለዚህም ነው ሁሉም ነገር ያለው። ጎራዴ አለ። ጌጥ አለ። የብር አምባር አለ። የሠርግ ልብስ፣ የቡና ዕቃ፣ ሳንቲም፣ ጠመንጃ፣ ቁርዓን፣ ፎቶ፣ የድሮ ሙዚቃ የተቀዳበት ክር። መጀመሪያ ላይ ግራ ይገባል። እህቴ "ይሄ ሙዚየም ነው ወይስ መርካቶ?" አለችኝ በጆሮዬ። ዝም በይ አልኳት። ግን ልክ ነበረች፣ የአንድ ከተማ ሰው ቤቱን ሁሉ ገልብጦ ያወጣው ይመስላል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ዓይን ይለምዳል። ከዚያ በኋላ ጎራዴው ከአምባሩ አጠገብ መሆኑ አይደንቃችሁም፤ ሰውየውና ሚስቱ አንድ ቤት ነው የኖሩት፣ ታዲያ ለምን በየክፍሉ ይለያዩ?

ሳንቲሞቹ ጋ ቆየሁ። የሐረር አሚሮች የራሳቸውን ገንዘብ ያትሙ ነበር፣ ማሀለክ ይባላል። ስታዩት ትስቃላችሁ። የጥፍር ያህል ነው፣ ስስ፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ ጽሑፉ ደግሞ ግማሹ ከሳንቲሙ ውጭ የቀረ ይመስላል። የነፃ ከተማ ገንዘብ ነው እንግዲህ ይሄ። ነፋስ ይዞት የሚሄድ የሚመስል። ከዚያ ማርትሬዛውን ስታዩ ልዩነቱ ይገባችኋል። 28 ግራም ይመዝናል፣ መዳፍ ላይ ሲያርፍ ይታወቃል። ማርትሬዛ ላይ ሁልጊዜ የተጻፈው ዓመት 1780 ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። መቶ ዓመት ቆይቶ ቢታተምም 1780 ነው። ፊቷ ያለበት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልቀየረውም፣ ምክንያቱም እኛን ጨምሮ በቀይ ባሕር ዙሪያ ያለው ነጋዴ የሚያውቀው ያንን ፊት ብቻ ነበር። ሰው ሲቀበል የልብሷን ጌጥ ነጠብጣብ ሁሉ ያይ ነበር አሉ፣ ፈዘዝ ካለ አይቀበልም። ጠገራ ብር የምንለው እሱን ነው። ለጌጥ የቀለጠውም ብዙ ነው። አምባሩና ሳንቲሙ አጠገብ ለአጠገብ ሲሆኑ አንዱ ከሌላው የተወለደ ይመስላል፣ ብዙ ጊዜም እውነት ነው።

አሁን ወደ እቴቴ።

እቴቴ እስከዚህ ድረስ ከኋላችን በግዴታ ነበር የምትመጣው። ስፌቶቹ ያሉበት ጋ ስንደርስ ቆመች። ልጅ ሆና ስፌት ሰፍታለች፣ ስንደዶና አክርማ ለቀማ ወጥታለች፣ እኔ ይህን አውቃለሁ ግን እንደ ወሬ ነበር የማውቀው። አንድ ትንሽ ክብ ስፌት ላይ አፍንጫዋ እስኪነካ ተጠጋች። ከመሃሉ የሚነሳ ቀይ ኮከብ አለው፣ ኮከቡ ወደ ጠርዙ ሲሄድ እየተሰነጠቀ አረንጓዴና ጥቁር ይገባበታል። እቴቴ ቀለሙን አላየችም። ጥምጥሙን ነው የምትቆጥረው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። "ይሄ እጅ ነው" አለች። "ወስፌው የገባበት አይታይም። አየሽው? እኔ ስሰፋ እናቴ ይሄን ብታይ ኖሮ የእኔን ፈታ ትጥለው ነበር።" እህቴ "ቀለሙስ?" አለቻት። "አለላውማ ገበያ ይገዛል" አለችና ተመልሳ አጎነበሰች።

ከዚያ ሠራተኛው መጣ። ወጣት ነው፣ ትሑት። አንድ ስፌት እያሳየ "እናቴ፣ ይሄኛው ሐማት ሞት ይባላል" አላት።

"በስመ አብ! አማት ሞት?"

ልጁ ሳቀ። ይሄ የመጀመሪያው እንዳልሆነ ሳቁ ያስታውቃል። ሞት ማለት በሐረሪ ቋንቋ ስፌት ማለት ነው፤ ሐማት ደግሞ እንደኛው አማት ናት። የአማት ስፌት። ሙሽራ ከአማቷ ቤት ጋር የምትተዋወቅበት ነገር ነው በአጭሩ። እቴቴ ግን እስከ ማታ አልተወችውም፣ ለማን ለማን ስልክ ደውላ "አማት ሞት የሚባል ሞሰብ አየሁ" እንዳለች አልቆጠርኩም። (የእሷ አማት በሕይወት አሉ። ዘጠና አልፏቸዋል። እግዜር ያቆያቸው።)

ጠመንጃዎቹ ጋ ደግሞ አንድ ሽማግሌ አገኘን፣ ጎብኚ ናቸው፣ ከዘራ ይዘዋል። እቴቴ አሁን ሞቅ ብሏታል። "አባቴ፣ ይሄን ያውቁታል?" አለቻቸው። "ውጅግራ ነዋ" አሉ እንደ ቀላል ነገር። "አባቴ ነበራቸው።" ውጅግራ የሚለውን ቃል በቀረርቶ ስሰማ ነው ያደግሁት፣ ከአንድ ጠመንጃ ጋር አገናኝቼው ግን አላውቅም። ከፈረንሳይኛው ፉዚ ግራ የመጣ ስም ነው፣ ግራ የሚባለው ጠመንጃ። ፈረንሳዮች በእነሱ አቆጣጠር በ1874 ያወጡት ነው፤ በእኛ 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ብዙ ሰው የተኮሰበት እሱን ነው። የፈረንሳዮቹን ስም የኛ ሰው አፉ እንደሚያመቸው አድርጎ ሰደፍና አፈሙዝ ጨምሮ የራሱ አደረገው። ሽማግሌው በከዘራቸው ሰደፉን እያመለከቱ እዚህ ጋ በቆዳ ይጠመጠም ነበር፣ ላብ እንዳያንሸራትት፣ አሉን። ወረቀት ላይ አልተጻፈም። ልብ በሉ፣ ይሄን ያወቅነው አንድ ሰው ዕቃውን ስላወቀው ነው።

የመጽሐፎቹ ክፍል ሌላ ነው። እዚህ ድምፃችሁ በራሱ ይቀንሳል። ቁርዓን አለ፣ የሃይማኖት ትምህርት፣ የሕግ፣ የምስጋና ግጥም አለ፤ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ ሐረሪኛም አለ። እኔ አንዱንም አላነብም። ግን መጽሐፍ ለማየት ማንበብ ግድ አይደለም። ሽፋኑን እዩ። ቆዳው ላይ በብረት የተመታ ጌጥ አለ፣ መሃሉ ላይ እንደ ዓይን፣ ማዕዘኖቹ ላይ ደግሞ ሩብ ሩቡ። ከኋላው ሽፋን እንደ ፖስታ ክዳን የሚታጠፍ ምላስ ይወጣና የገጾቹን ጠርዝ ሸፍኖ ከፊት ሽፋኑ ሥር ይገባል። ሐረር በመጽሐፍ ድጉሷ፣ ማለትም በቆዳ ሽፋን ሥራዋ፣ የታወቀች ከተማ ነበረች። ሙያው ሊጠፋ ደርሶ ነበር፣ አቶ አብዱላሂም ሰብሳቢ ብቻ ሆነው አልቀሩም፣ የጥገናውንና የድጉሱን ሥራ ራሳቸው ተምረው ይሠራሉ። ይሄ ነው እኔን ያስገረመኝ። ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ዕቃውን የሚሠራውን እጅ ጭምር መሰብሰብ።

ወጣቱ አንዱን ገጽ ቀስ አድርጎ ገለጠና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለው። ወረቀቱ ውስጥ ሦስት ጨረቃ ታየን። ቀለም አይደለም፣ ወረቀቱ ሲሠራ የቀረ ጥላ ነው፤ ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ፣ ተደርድረው። በጣሊያን አገር፣ ቬኒስ አካባቢ ይሠራ የነበረ የወረቀት ምልክት ነው፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሐረር መጽሐፎች ላይ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ወረቀቱ ባሕር ተሻግሮ፣ በግመል ተጭኖ፣ ግንብ ውስጥ ገብቶ፣ አንድ የሐረር ጸሐፊ በቀለም ቀንድ ፊት ተቀምጦ የፈጣሪውን ቃል ጻፈበት። እህቴ ፎቶ ልታነሳ ስልኳን አወጣችና ባትሪዋ አልቆ ነበር። ማታ በጅቡ ጨርሳዋለች። ጥሩ ሆነ፣ ዝም ብላ አየች።

ልብሱን በጣም አላየሁትም፣ ሴቶቹ ግን አዩት። ያገባች የሐረሪ ሴት ጸጉሯን ለሁለት ጠቅልላ የምትሸፍንበት መረብ አለ፣ ጉፍታ ይባላል፤ እቴቴ ይለካ ትል ነበር ቢፈቀድላት። የድሮ ዘፈንና ዚክሪ (የሃይማኖት ዜማ) ቅጂዎችም ተሰብስበዋል፣ ይህን ለሚያጠና ሰው ሀብት ነው፣ እኔ ግን ለመስማት ጊዜ አልነበረኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በሁለት ሰዓት ይበቃል ብዬ ነበር ያቀድኩት። አይበቃም። ሦስት ሰዓት ያዙለት፣ ለመጽሐፎቹ ደግሞ መነጽራችሁን አትርሱ።

አጠገቡ ስላለው ስለ ራምቦ ቤትም ልበል። ፈረንሳዊው ገጣሚ ሐረር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው፣ ግጥሙን ትቶ ቡናና ቆዳ ሊነግድ፣ ኋላም ጠመንጃ ለምኒልክ ሊሸጥ። ቤቱ ግን የሕንድ ነጋዴ ቤት ነው እንጂ የእሱ አይደለም፣ አድራሻውን ፈልጋችሁ ከሄዳችሁ እንዳትናደዱ። ለማየት የሚገባው የድሮ የሐረር ፎቶዎቹና የላይኛው ፎቅ ባለ ቀለም መስታወቶች ናቸው። ጠዋት ፀሐይ ሲገባባቸው ወለሉ ላይ ቀይና ሰማያዊ ይደፋል። ግማሽ ሰዓት በቂው ነው።

ኤረር በር በኩል ያለውን የሐረሪ የባህል ማዕከል ግን ከሸሪፍ ሙዚየም በኋላ እንጂ በፊት አትሂዱ። ምክንያቱን ልንገራችሁ። እዚያ ዕቃዎቹ መስታወት ውስጥ ሳይሆኑ የአደሬ (የሐረሪ) ቤት ውስጥ ቦታ ቦታቸው ላይ ናቸው። ቀይ የተቀባ ወለል፣ ነደባ የሚሉት ከፍና ዝቅ ያለ መደብ፣ አምስት ነው፣ እያንዳንዱ ማን እንደሚቀመጥበት ይታወቃል። አሚር ነደባው የአባወራው ነው፣ በሩን የሚያይ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስፌት ነው። ሸሪፍ ሙዚየም ውስጥ በነጠላ ያያችሁት ስፌት እዚህ ጎረቤቶቹን ያገኛል፣ ጥቁሩ አፍላላ ረጅም አንገቱን ዘርግቶ መደርደሪያው ላይ ተደርድሯል፣ ውድ ዕቃና ጌጥ ይቀመጥበታል። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ ቤቱ ውስጥ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው አሉን። እቴቴ ዞር ብላ እህቴን አየቻት። "እኛም ቤት አንድ ምንጣፍ እንጠቅልል" አለች። እህቴ እስከ ሆቴል አላናገረችንም።

ለማን ይሆናል ካላችሁኝ፣ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ጎራዴና ጠመንጃው ያቆያቸዋል፣ መጽሐፍ ክፍሉ ይሰለቻቸዋል። ቸኩሎ ለሚሄድ ሰው አይሆንም። አዋቂ ሰው፣ በተለይ እጁ ሙያ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ አናጢ፣ ሸማኔ፣ ስፌት የሰፋች አክስት። እኔ ብቻዬን ብሄድ ኖሮ ያን ኮከብ ያለው ስፌት "ቆንጆ ነው" ብዬ አልፌው ነበር። አርብ እኩለ ቀን አካባቢ አትሂዱ፣ ከተማው መስጊድ ነው። መንገድ ላይ "ላስጎብኛችሁ" ብሎ የሚከተላችሁን ሁሉ አትያዙ፤ እኛን የያዘን አንዱ ግማሽ መንገድ ላይ ዋጋ ጨመረብን፣ በሩንም አላወቀውም ነበር። ውስጥ ያለውን ሠራተኛ ጠይቁ። ዝም ብላችሁ ካለፋችሁ ዝም ይላል፣ ከጠየቃችሁ ግን ያወራል።

ማታ ሆቴል ገብተን እቴቴ ለታላቅ እህቷ ደወለች። ድምፅ ማጉያው ላይ ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

"የእማዬ ሞሰብ የት ነው ያለው?"

"የትኛው?"

"ትልቁ ነዋ። ባለ ቀዩ።"

"ጓዳ ነው። ሽንኩርት አድርጌበታለሁ።"

እቴቴ ትንሽ ዝም አለች።

"ሽንኩርቱን አውጪው" አለቻት።